ክላሽ ላይ ሳይለንሰር ለቤት ጥበቃ ያዋጣል ወይ? የምታውቁ ንገሩኝ

የጅሩ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ የምኖረው እነዋሪ ዙሪያ ገጠር ነው፣ ለፋሲካ የማደልባቸው ሰንጋዎች አሉኝ። ሌባ ደግሞ ዘንድሮ ብሶበታል፣ ጎረቤት ቀበሌ ላይ በሌሊት ገብተው ከጋጣው በሬ ፈትተው ነድተው ሄዱ፣ ባለቤቱ ጠዋት ነው ያወቀው። በስሜ ፈቃድ ያለው ክላሽ አለኝ፣ ሰው ላይ ተኩሼ አላውቅም እግዜርም አያሳየኝ፣ ግን ቤት ድረስ ከመጡ ምን ላደርግ ነው። የሚያስጨንቀኝ ልጆቹ ናቸው። ቤታችን ያው አንድ ሰፊ ክፍልና ጓዳ ነው፣ ሁላችንም አንድ ላይ ነው የምንተኛው፣ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም። እዛ ውስጥ ክላሽ ቢጮህ ጆሯቸው ምን ይሆናል?

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ አለ፣ እዛ ሰው ለቤት ብሎ የሚያስቀምጠው ጠመንጃ ላይ ሳይለንሰር ያስገጥማል ጆሮ አይጎዳም አለኝ፣ ዩቱብ ላይም አየሁት ጢስ ብቻ ነው የሚመስለው ድምፁ የለም። እዚህም አንድ ሰው አስመጥቼ አስገጥምልሃለሁ ብሎኛል፣ ብሩ ቀላል አይደለም። ከመክፈሌ በፊት ነው የምጠይቀው፣ እውነት ድምፁን ያጠፋዋል? ለቤትስ ይሆናል? የምታውቁ ብቻ መልሱልኝ።

አረርቲ
እኔም ልጠይቅ አስቤው የነበረ ነገር ነው፣ እከታተላለሁ።

ጋራዥ ደብረ ብርሃን
ወንድሜ በመጀመሪያ ገንዘብህን ያዝ እንዳትከፍል። እኔ መካኒክ ነኝ፣ የመኪና ማርሚታ ስበይድ ነው የምውለው፣ ሳይለንሰርም ሥራው ያው የማርሚታ ሥራ ነው። ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ከኋላው የሚወጣው የባሩድ ጋዝ በአንዴ ስለሚፈነዳ ነው ያ ሁሉ ድምፅ የሚሰማው፣ ሳይለንሰሩ ጋዙን በውስጡ ባሉ ክፍሎች ያዞረውና ቀዝቀዝ ብሎ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። የፈጠረውም አሜሪካዊው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ነው፣ እ.አ.አ. 1909 ላይ ነው የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ የመኪና ማርሚታም ሠርቷል፣ አባቱ ደግሞ መትረየስ የፈጠረው ማክሲም ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ድምፅ አያጠፋም! ይቀንሳል። ክላሽ ያለ ሳይለንሰር ሲተኮስ ተኳሹ ጆሮ ጋ 155 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እና ከዛ በላይ ነው፣ ደህና የተባለው ሳይለንሰር ከ20 እስከ 35 ቢቀንስልህ 130 ምናምን ላይ ነው የምትቀረው፣ ይሄ ቤት ውስጥ መዶሻ ብረት ላይ ሲያርፍ ከምትሰማው በላይ ነው። በዛ ላይ ጥይቱ ራሱ ይጮሃል። የክላሽ እርሳስ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ነው የሚበረው፣ ድምፅ ራሱ 340 ገደማ ነው (ቆላ ሸዋ ሮቢት ላይ ትንሽ ከፍ ይላል መንዝ ብርድ ላይ ትንሽ ይወርዳል፣ አየሩ ሲሞቅ ድምፅ ይፈጥናል)። ከድምፅ የፈጠነ ነገር ሁሉ አየሩን ሲቀድ ጧ ይላል፣ እሱን ደግሞ አፈሙዝ ላይ የገጠምከው ምንም ነገር አያስቆመውም። ዩቱብ ላይ የምታየው ድምፅ የለሽ የሚመስለው አንድም ልዩ ቀርፋፋ ጥይት ነው፣ አንድም የስልኩ ማይክ ነው ከፍተኛ ድምፅ ሲመጣ ራሱ ስለሚቆርጠው። ቀርፋፋው ጥይት ደግሞ ክላሽን ብዙ ጊዜ አያቀባብለውም፣ ጋዙ አንሶት ቀለሁን ሳይተፋ ይቀራል፣ በሌሊት በጭንቅ ሰዓት ይሄ ሲሆን አስበው።

እኔ ጋም እየመጡ ሥራልን ያሉኝ አሉ፣ አንዱን እንኳን እሺ አላልኩም። ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋ በፀጉር ያህል ከተዛነፈ ጥይቱ ሳይለንሰሩን መትቶ ነው የሚወጣው፣ ያኔ ብረቱ ተበጣጥሶ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም። የክላሽ አፈሙዝ ጥርሱ ከበርሜሉ ጋ ቀጥ ብሎ ያልተቆረጠ ብዙ ነው፣ ፋብሪካ የሠራው ሳይለንሰር እንኳን እሱ ላይ ይመታል። እኔ እጄ ላይ ይዤ ያየሁት አንድ ነበር፣ ከፊት ያለው ክዳን እንደ ጨረቃ ግማሹ ተነክሶ የለም።

መንዜ ከቨርጂኒያ
የአክስትህ ልጅ ውሸት አላወራም ግን ሙሉውን አልነገረህም። እዚህ በ42 ስቴት ሲቪል ሰው መያዝ ይችላል፣ ግን እ.አ.አ. ከ1934 ጀምሮ በፌደራል የሚመዘገብ ነው፣ አሻራ ትሰጣለህ ፎቶ ትሰጣለህ ይመረመራል ትጠብቃለህ፣ 200 ዶላር ታክስ ነበረው እ.አ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ነው ታክሱ ዜሮ የሆነው፣ ምዝገባው ግን እንዳለ ነው። ሳይመዘገብ የተገኘበት ሰው እስር ቤት ነው። የሚያስገጥሙትም የሚሉት ምክንያት ያንተው ነው፣ ቤት ውስጥ ቢተኮስ የቤተሰብ ጆሮ እንዳይጎዳ፣ በጨለማም የእሳቱ ብልጭታ ዓይን እንዳያጠፋ። ብልጭታው በደንብ ይቀንሳል እሱ እውነት ነው።

ግን የነሱ ቤትና የኛ ቤት አንድ አይደለም። እዚህ ቤቱ አምስት ስድስት ክፍል አለው፣ ፖሊስ ስትደውል ይመጣል፣ መሣሪያውም አጭር ተደርጎ ለዛ ተብሎ የተሠራ ነው። ክላሽ 88 ሳንቲ ነው፣ 20 ሳንቲ ማርሚታ ስትቀጥልበት ከሜትር በላይ ሆነ፣ በጓዳ በር ይዘኸው ዞር በል እስኪ። ክላሽ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ ስለሆነ ያፈንከው ጋዝ ወደ ኋላ ይመለስና ፊትህ ላይ ዓይንህ ላይ ነው የሚወጣው፣ እኔ ተኩስ ሜዳ ላይ በሰው መሣሪያ ሞክሬዋለሁ ዓይኔን አቃጥሎኝ እንባ በእንባ ሆኛለሁ፣ እሱም በቀን ነው ሜዳ ላይ ነው። በነገራችን ላይ እዛም ሜዳ ሳይለንሰር እያለ ሁሉም ሰው ጆሮ መከላከያ አድርጎ ነው የሚተኩሰው።

ሲስተር ከሸዋ ሮቢት
ስለ ጆሮው እኔ ልበል፣ ጤና ባለሙያ ነኝ። ወንድሜ የልጆቹን ጆሮ ማሰብህ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ወንድ አያስበውም። እንደ ተኩስ ላለ ድንገተኛ ድምፅ ማለፍ የለበትም የሚባለው 140 ዴሲቤል ነው፣ ሳይለንሰር የሌለው ክላሽ ደግሞ ከዛ በጣም በላይ ነው። ቤት ውስጥ ሲሆን ድምፁ ግድግዳና ቆርቆሮ እየመታ ይመለሳል፣ የድንጋይ ቤት ከሆነማ የባሰ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ በጣም ጥቃቅን ፀጉር መሳይ ሴሎች አሉ፣ አንዴ ከሞቱ አይተኩም፣ መድኃኒትም የለውም። አንድ ጥይት ሊበቃ ይችላል። ትልቅ ሰው ጆሮውን በእጁ ይይዛል፣ የተኛች ሕፃን ምን ታደርጋለች?

እና የኔ መልስ፣ ልጆች የተኙበት ክፍል ውስጥ በሳይለንሰርም ያለ ሳይለንሰርም መተኮስ አይታሰብ ነው። 130 ላይ ወረደ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር ብዙ ስለማየው ነው። ተኩስ አጠገባቸው ጮኾ ጆሯቸው ጭው የሚልባቸው ሰዎች ሞቅ ያለ ዘይት ወይ የጤና አዳም ጭማቂ ጆሮ ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ያ ነገር ወደ ውስጥ ገብቶ ያመረቅዘዋል! ምንም አታስገቡ፣ ጭውታው አድሮ ካልተወ በቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተመጣ የሚሞከር ሕክምና አለ፣ ከወር በኋላ መምጣት ግን ብዙም አይሠራም።

ጠበቃው
የሕጉን ነገር ማንም አላነሳውም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ፈቃድህ ለዛ መሣሪያ ነው እንጂ እንደፈለግህ ለመቀየር አይደለም፣ አስመጣልሃለሁ የሚልህም ሰው በኮንትሮባንድ እንጂ በሌላ መንገድ አያመጣም። አሁን ባለንበት ጊዜ ደግሞ ኬላ ላይ ድምፅ ማፈኛ ይዞ የተገኘ ሰው ለበሬዬ ነው ቢል ማን ይሰማዋል? ለምን ድምፁን መደበቅ ፈለግህ ነው የምትባለው፣ መልስ የለህም፣ ያለህንም ክላሽ ታጣለህ።

ሌላው፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል አለ፣ ንብረትህም መብትህ ነው። ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ልትመልሰው የማትችል መሆን አለበት፣ ያደረግከውም ከአደጋው ጋ የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከልክ ካለፈ አንቀጽ 79 አለ። በሬ እየነዳ የሚሸሽ ሰው ከጀርባው መትተህ ገድለህ ሕጋዊ መከላከል ነው ብትል አያስኬድህም። ይሄን የምለው ቀላል ስለሆነ አይደለም፣ የደለበ ሰንጋ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፣ ግን በሬውንም አጥተህ አንተም ታስረህ ልጆችህን ማን ያሳድጋል።

ጋሽ ሞረት
ልጄ እኔ ብዙ ዘመን ያየሁ ሰው ነኝ፣ ይሄን የምጽፈውም በልጄ ስልክ ነው። ሁሉም ደግ ተናግረዋል ግን አንድ ነገር ቀርቷል። የገጠር ሰው መሣሪያ የሚጠብቀው እኮ በጥይቱ አይደለም በድምፁ ነው። ሌሊት ጥይት ጮኸ ማለት የእገሌ ቤት ተነካ ማለት ነው፣ ሰው ጋቢውን ጥሎ ዱላውንም መሣሪያውንም ይዞ ይወጣል፣ ከወዲያ ማዶም ይሰማል ከወዲህም ይሰማል፣ ሌባም የሚሸሸው ይሄን ስለሚያውቅ ነው። አንተ ድምፁን አፍነህ ብትተኩስ ማን ሊደርስልህ ነው? ብቻህን ከማታውቀው ብዛት ጋ በጨለማ ቀረህ። የሚያፍን መሣሪያ የሚፈልገው እንዳይሰማ የሚፈልግ ሰው ነው፣ ባለቤት እንዲሰማለት ነው የሚፈልገው።

አረርቲ
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ እኔ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን ወደ ሰማይ የሚተኮሰውስ? እኛ ጋ ሰው ለመጥራት ወደ ላይ ነው የሚተኮሰው።

ሲስተር ከሸዋ ሮቢት
እሱንም ተዉት እባካችሁ፣ ወደ ላይ የሄደ ጥይት የሆነ ቦታ መውረዱ አይቀርም። የወረደበት ቆስሎ መጥቶ አክመናል።

ጋሽ ሞረት
ልክ ነሽ ልጄ። ለመጥራት ጥይት ግድ አይደለም፣ ጥሩምባ አለ፣ እሪታ አለ። የለቅሶ ጥሩምባ ሌሊት አይነፋም ካላችሁ ተነጋገሩና ለሌባ የሚነፋበትን ለዩት፣ ለምሳሌ አጭር አጭር እየቆረጡ፣ ሰው ይለምደዋል። ሮንድ ደግሞ አውጡ። ሰንጋ ያላችሁ ሰዎች በተራ ብታድሩ ከመቶ ክላሽ ይበልጣል።

የጅሩ ልጅ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ጋሼ። ሰውየውን አልፈልግም ብዬዋለሁ። ሰንጋ ያለነው እኛ ጎጥ ውስጥ ብዙ ነን፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ሮንዱን አነሳዋለሁ፣ ጥሩምባውንም። አንድ የቀረችኝ ጥያቄ፣ እንዲያው ከመጡና ግድ ከሆነብኝ ጥይቱ ግድግዳ ያልፋል? የኛ ቤት ጭቃ ነው፣ ከኋላ የወንድሜ ቤት አለ።

መንዜ ከቨርጂኒያ
ያልፋል። የጭቃ ግድግዳ በጭድም ይለሰን በምን የክላሽ ጥይት ዘልቆት ይሄዳል፣ ቆርቆሮማ ምንም አይደለም። መንዝ ያለው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያቆመዋል ግን እሱም ከውስጥ ከተተኮሰ ነጥሮ ይመለስብሃል። ሜዳ ላይ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶም ሰው ይጎዳል። የወንድምህ ቤት ያለበትን አቅጣጫ በቀን ቆመህ አይተህ እወቀው፣ ወደዛ በምንም ምክንያት እንዳይዞር። ሲያድርም ካዝናው ወጥቶ፣ በርሜሉ ውስጥ ጥይት ሳይኖር፣ ልጅ የማይደርስበት ተቆልፎ ይደር።

ጋራዥ ደብረ ብርሃን
ለሳይለንሰሩ ልትከፍለው በነበረው ብር ሰው ሲያልፍ የሚበራውን የሶላር መብራት ግዛ፣ ደብረ ብርሃን ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡት ጋ ሞልቷል። አንድ ጋጣው በር ላይ፣ አንድ የግቢው መግቢያ ላይ። ጣራ ክዳን ሥር አትስቀለው ፀሐይ ካላገኘ ሌሊቱን አይዘልቅም፣ ፓኔሉ ለብቻው በሽቦ የሚወጣውን ጠይቅ፣ እሱን ቆርቆሮው ላይ ወደ ደቡብ አዘንብለህ እሰረው፣ መብራቱን ከሥር። በክረምት ደመናው ሲበዛ ስለሚደክም ባትሪው የሚቀየረውን ዓይነት ምረጥ። ከበሬዎቹም አንዱ አንገት ላይ ቃጭል እሰር፣ እኛ ቤት አባቴ ሁሌ ያስር ነበር፣ ሊፈቱት ሲነኩት ነው የምንሰማው።

የጅሩ ልጅ
ቃጭሉስ አለን፣ የአያቴ ነው ጓዳ ተሰቅሏል። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ መብራቱን አያለሁ፣ ባለ ሽቦውን ነው ያልከኝ አይደል?

ጋራዥ ደብረ ብርሃን
አዎ ባለ ሽቦውን። ሽቦው አምስት ሜትር ካልሞላ አትውሰድ፣ እስከ ጣራው አይደርስልህም።