በአነስተኛ ከተማ ትምህርት ቤት ኮዲንግና ሮቦቲክስ ከምን ይጀመር?

ጥያቄ፦ የአይሲቲ መምህር፣ ደቡብ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። በፎገራ ሜዳ አቅራቢያ ባለች አነስተኛ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የአይሲቲ መምህር ነኝ። የሚሠሩት ኮምፒውተሮቻችን 12 ሲሆኑ በአንድ ክፍል ያሉት ተማሪዎች ከ50 በላይ ናቸው፤ ኢንተርኔት የለም ማለት ይቻላል፤ መብራትም በየሳምንቱ ይጠፋል። ባለፈው ዓመት በውጭ አገር የሚኖሩ የከተማችን ተወላጆች ሦስት የአርዱዪኖ (በኮድ የሚታዘዝ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ኪቶች ስለላኩልን በቴክኖሎጂ ክበባችን ሥራ ጀመርን። ኮዱን ከመመሪያው ገልብጠን አንዲት ትንሽ መኪና ገጣጠምን፤ መኪናዋም ሄደች፤ ተማሪዎቹ እጅግ ተደሰቱ። ከሳምንት በኋላ ግን ኮዱን ፊታቸው አስቀምጬ «አሁን ወደ ኋላ እንድትሄድ አድርጓት» ብላቸው የትኛውን መስመር መለወጥ እንዳለበት ሊነግረኝ የቻለ አንድም ተማሪ አልነበረም። በዚያ ላይ አንድ ተማሪ ሞተሩን በቀጥታ ከቦርዱ ፒን (ሽቦ ከሚሰካበት ቀዳዳ) ጋር አገናኝቶት ፒኑ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ጥፋቱ አስቀድሜ ያላስጠነቀቅሁት የእኔ ነው። በዚህ ዓመት ይህን ስሕተት መድገም አልፈልግም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ ከምን ጀምራችሁ ወደ ምን እንደተሻገራችሁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1፦ የሒሳብ መምህር፣ ምሥራቅ ጎጃም

መምህር፣ የገጠመዎት ነገር በእኔም ክበብ ደርሷል። ምክሬ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ኪቶቹን ከቁም ሳጥን እንዳያወጧቸው ነው። እኔ የጀመርሁት በገበጣ ነው። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሮቹን አንሥቶ በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል፤ ይህ ድግግሞሽ ነው። የመጨረሻው ጠጠር ሌላ ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ከወደቀ እንደገና አንሥቶ ይቀጥላል፣ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ያቆማል፤ ይህም ቅድመ ሁኔታ ነው። (ሕጉ ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ የሚጫወተውን ይጻፍ፤ ከዚያ የሚነሣው ክርክር ራሱ ትምህርት ነው።) አንዱ ቡድን ሕጉን በወረቀት ላይ መስመር በመስመር ከጻፈ በኋላ ሌላው ቡድን የተጻፈውን ብቻ እየተከተለ፣ ከራሱ አንዳች ሳይጨምር እንዲጫወት ያድርጉ። በእኔ ክፍል የጻፈው ቡድን ጠጠሩ ወደ ቀኝ ይዙር ወደ ግራ መግለጽ ረስቶ ስለነበር ሁለቱ ተጫዋቾች በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዱ፤ ጸሐፊዎቹም ወረቀታቸውን ቀምተው የጎደለውን ፍለጋ ገቡ። በፕሮግራም ውስጥ ስሕተት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አግኝቼ አላውቅም።

መልስ 2፦ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

የገበጣው ሐሳብ እጅግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕቃው መኖሩን እያወቁ አምስት ሳምንት የሚጠብቁ ልጆች ልባቸው ይሸፍታልና ሁለት ሳምንት የሚበቃ ይመስለኛል።

ስለተቃጠለው ፒን፦ በአርዱዪኖ ኡኖ አንድ ፒን ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ጅረት 40 ሚሊአምፒር ሲሆን ለደኅንነቱ ከ20 ባይበልጥ ይመረጣል። ትንሽ ሞተር እንኳ በሚነሣበት ቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፒር ሊስብ ስለሚችል በመካከሉ የሞተር ድራይቨር (ከፒኑ ትእዛዝ ተቀብሎ ለሞተሩ የሚበቃውን ጅረት የሚያደርስ ክፍል) የግድ ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደብተራቸው ይጻፉት።

መኪናዋን በተመለከተ ግን በግልጽ ልናገር፦ ልጆቹ ኮዱን ያልተረዱት መኪናዋ የእነርሱ ጥያቄ ስላልነበረች ይመስለኛል። በግቢያችሁ የውኃ ሮቶ ካለ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ምን ያህል ውኃ እንደቀረ የሚያሳውቅ መሣሪያ ይሥሩ። በብዙ ኪቶች ውስጥ የሚገኘው ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው ሴንሰር ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ልኮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ያስለካል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ማሚቶው በ10 ሚሊሰከንድ ከተመለሰ ድምፁ ደርሶ መልስ 3.4 ሜትር ተጉዟል፤ ስለዚህ ውኃው ከሴንሰሩ 1.7 ሜትር ይርቃል። ለሁለት ማካፈል ለምን እንዳስፈለገ በራሱ ያገኘ ተማሪ ያን የኮድ መስመር አይረሳውም። ሴንሰሩ ከ2 ሳንቲሜትር በታች መለካት ስለማይችልና እርጥበትን ስለማይቋቋም ከሞላ ውኃ በቂ ርቀት እንዲኖረው ከፍ አድርገው ይሰቀል። መብራት ሲጠፋ የስልክ ፓወር ባንክ ይበቃል፤ አርዱዪኖ የሚስበው ኃይል አነስተኛ በመሆኑ አንዳንዱ ፓወር ባንክ ግን ራሱን ያጠፋልና አስቀድመው ይሞክሩት።

መልስ 3፦ መምህርት፣ ደሴ

እኔ የምጨምረው ስለ ቋንቋ ነው። በገበጣውና በአርዱዪኖው መካከል ስክራችን (ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ብሎኮች በመገጣጠም ፕሮግራም የሚሠራበትን ሶፍትዌር) ያስገቡ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን እትም በፍላሽ ማዛወር ይቻላል፤ የቅርቡ እትም ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል፣ ለአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ የቀድሞው 1.4 እትም አለ። የቅርቡ እትም በአማርኛም ይሠራል። ተማሪዎቼ ፕሮግራሙን በአማርኛ ከሠሩ በኋላ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ስቀይረው ብሎኮቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ በላያቸው ያለው ጽሑፍ ብቻ ይለወጣል፤ በመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የሚያገኙትን ቃል ቀድሞ ከገባቸው ሐሳብ ጋር የሚያገናኙት በዚያን ጊዜ ነው።

ሌላው የሴት ተማሪዎች ጉዳይ ነው። በአራት ልጆች ቡድን ውስጥ ወንዶቹ ሽቦውንና ኪቦርዱን ይይዛሉ፣ ሴቶቹ ማስታወሻ ጸሐፊ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ባየሁ ጊዜ በየ15 ደቂቃው ሥራ የሚያቀያይር ሰዓት ያዥ ሾምሁ፤ ከዚያ በኋላ ከሁሉ ፈጥና ሽቦ የምታገናኘው ልጅ ቀድሞ ጸሐፊ የነበረችው ሆነች።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሮቶ አለን፤ ብዙ ጊዜ ማለቁ የሚታወቀው ቧንቧው ሲደርቅ ነው። ዛሬ ከፊዚክስ መምህራችን ጋር ቁመቱን ለካን፤ 1.6 ሜትር ሆነ። ሰኞ በገበጣ እንጀምራለን፤ የመጀመሪያዋን ሰዓት ያዥም ከሴት ተማሪዎች መርጫለሁ። ክዳኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ክዳኑን ሳልበሳ ሴንሰሩን የማስርበት ዘዴ የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።