የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ቴክኖሎጂን ከየት ይጀምር? (ለራስ ሥራም ለክፍልም)

ጠመኔ (ጠያቂ)

ሰላም የሙያ ባልደረቦቼ። የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። አምስት ክፍል ይዣለሁ፤ በአንዱ ክፍል ከ55 እስከ 62 ተማሪ አለ። ትምህርት ቤቱ ያለው ፕሮጀክተር አንድ ነው፣ ቀድሞ ላስመዘገበ ይሰጣል። ላፕቶፕና አንድሮይድ ስልክ አለኝ። ኢንተርኔት የማገኘው በሞባይል ዳታ ብቻ ሲሆን መብራትም አልፎ አልፎ ይጠፋል። ማርክ ሊስትና ሮስተር (የክፍሉ ውጤት ተጠቃልሎ የሚሰፍርበት ሠንጠረዥ) እስካሁን በእጄ ነው የምሠራው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ለራሴ ሥራ መጀመሪያ የቱን ልልመድ? ክፍል ውስጥስ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ስልክ የሌለውን ተማሪ የማያገልል ምን አለ? ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን ማስታወሻ በፕሮጀክተር ማሳየቱ ምን እንደሚጨምር አልታየኝም። በፕላዝማው ጊዜ ቴሌቪዥኑ ወደፊት ሲሄድ ተማሪው ወደ ኋላ ሲቀር ሁላችንም አይተናል፤ ያንን መድገም አልፈልግም።

---

ሮስተር በኤክሴል

ከሮስተሩ ይጀምሩ፣ መምህር። ኮምፒውተሩ ቤትዎ ቢያስቸግር አስበው የሚያስተካክሉበት ጊዜ አለዎት፤ 60 ተማሪ ፊት ሲያስቸግር ግን ክፍለ ጊዜው ያልቃል። በዚያ ላይ ሮስተር ሲሠሩ ፋይል መሰየም፣ ማስቀመጥ፣ መቅዳትና ማተም ሁሉ አብሮ ይለመዳል።

አንድ ፋይል ይክፈቱ፣ በውስጡ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሺት። በቅደም ተከተል ተራ ቁጥር፣ የመለያ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ከዚያ ፈተናዎቹ። ከእያንዳንዱ ፈተና ርዕስ በላይ ከስንት እንደሚታረም ይጻፉ። ቁጥር ከማስገባትዎ በፊት የፈተናውን ዓምድ መርጠው «ዳታ» ውስጥ «ዳታ ቫሊዴሽን» ይግቡና «ዴሲማል»፣ ከ0 እስከ 10 (ወይም ፈተናው የሚታረምበትን) ይስጡት። 8.5 ለማለት 85 ቢነኩ ኤክሴል አይቀበልዎትም። ይህን የዘለለ ሰው ስሕተቱን የሚያየው ካርድ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ፈተና ለቀረ ተማሪ 0 አይጻፉ። አማካይ የሚያወጣው ቀመር «አቨሬጅ» ባዶውን ሳጥን ዘልሎ ያሰላል፣ 0ን ግን እንደ ውጤት ይቆጥራል። ባዶውን ትተው ሳጥኑን በቢጫ ይቀቡት፤ ሴሚስተሩ ሳይዘጋ የቀሩት ቢጫዎች ድጋሚ ፈተና ያልወሰዱት ናቸው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ደረጃ ላይ ነው። «ራንክ» የተባለው ቀመር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የተማሪውን ድምር፣ የክፍሉን ድምሮች በሙሉ፣ መጨረሻ ላይ 0። ሁለተኛውን እንደመረጡ ኤፍ 4ን ይጫኑ፤ የዶላር ምልክቶች ይገቡበታል። ያ ካልሆነ ቀመሩን ወደታች ሲጎትቱት ክልሉም አብሮ ይወርዳል፣ ከላይ ያሉት ተማሪዎች ከውድድሩ ይወጣሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለው ተማሪ ምንም ያምጣ ምን 1ኛ ይወጣል።

ሌላው አደጋ መደርደር ነው። የድምሩን ዓምድ ብቻ መርጠው ሲደረድሩ ኤክሴል «ኤክስፓንድ ዘ ሰሌክሽን» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ይበሉት። እምቢ ካሉ ቁጥሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ስሞቹ ይቀራሉ፣ የአንዱ ውጤት ለሌላው ይሆናል። ወዲያው ካዩት ኮንትሮልና ዜድ ይመልሰዋል፤ አስቀምጠው ከዘጉ ግን አለቀ።

ክፍል ኃላፊ ከሆኑና የሌሎችን ትምህርቶች ውጤት የሚያሰባስቡ ከሆነ ከሌላ ሠንጠረዥ ውጤት ፈልጎ የሚያመጣውን ቀመር «ቪሉክአፕ»ን በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ያያይዙ። አንዱ መምህር «ኃይሉ» ሌላው «ሀይሉ» ይጽፋል፤ ለኤክሴል ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከስም ኋላ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታም እንዲሁ ታለያያለች።

---

ቮልትና አምፒር

ሮስተሩ ላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ክፍሉ መጠበቅ የለበትም። ለፊዚክስ መምህር ፌት የሚባለው የሲሙሌሽን (ሙከራን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም) ስብስብ አለ። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሲሆን በነፃ ይወርዳል። ሲያወርዱ «ኤችቲኤምኤል 5» የሆነውን ብቻ ይምረጡ፤ ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ጃቫ ወይም ፍላሽ የተባሉትን ፕሮግራሞች የሚጠይቁ ናቸው፣ ፍላሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጧል። አንድ ሲሙሌሽን ጥቂት ሜጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ነው። በፍላሽ ዲስክ ይዘውት ላፕቶፕ ላይ በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ስልክ ላይ ሲነኩት የኮድ ጽሑፍ ብቻ ካሳየ የከፈተው የጽሑፍ ማንበቢያው ስለሆነ «ኦፕን ዊዝ» ብለው ክሮምን ይምረጡ።

ለ10ኛ ክፍል ኤሌክትሪክ «ሰርኪት ኮንስትራክሽን ኪት፦ ዲሲ» የተባለውን ያውርዱ። ባትሪው 9 ቮልት፣ አምፖሉ 10 ኦም ሆኖ ይመጣል። አንድ አምፖል ሲያገናኙ አምሜትሩ 0.9 አምፒር ያነባል። አሁን ቆም ይበሉና ሌላ አምፖል ሳይጨምሩ ይጠይቁ፦ «ሁለተኛውን በተከታታይ ብናስገባ የትኛው በደንብ ይበራል? ሀ. ለባትሪው ፖዘቲቭ የሚቀርበው፣ ለ. የሚርቀው፣ ሐ. እኩል ይበራሉ፣ ግን ከቀድሞው ይደበዝዛሉ፣ መ. ሁለቱም እንደ ቀድሞው ይበራሉ።» እያንዳንዱ ተማሪ ፊደሉን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከር፣ እንደገና ይምረጥ። የሚያገናኙት ከዚያ በኋላ ነው።

«ሀ»ን የሚመርጡ ብዙ ይሆናሉ፤ ከረንት አምፖሉ ውስጥ ተበልቶ ያልቃል ብለው ስለሚያስቡ ነው። አምሜትሩን ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ በሁለቱ መካከልና ከሁለተኛው በኋላ ያስገቡት፤ ሦስቱም ቦታ 0.45 ያነባል። ይህን በጠመኔ ሊነግሯቸው ይችላሉ፣ ግን ራሳቸው የተወራረዱበትን ቁጥር ሲያዩ የሚፈጠረውን ጥያቄ ጠመኔው አያመጣውም። በፓራለል ሲያገናኙ ደግሞ ከባትሪው 1.8፣ በእያንዳንዱ አምፖል 0.9 ይሆናል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ሲሙሌሽኑ ውስጥ የባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ ሲጀመር ዜሮ ነው። ስለዚህ በፓራለል ሦስተኛና አራተኛ አምፖል ቢጨምሩም ብርሃኑ አይቀንስም። በእውነተኛ የባትሪ ድንጋይና በእጅ ባትሪ አምፖል ሲሞክሩት ግን ይደበዝዛል፣ ተማሪውም ኮምፒውተሩ ዋሸን ይላል። «አድቫንስድ» የሚለውን ከፍተው የባትሪውን ሬዚስታንስ ከፍ ያድርጉት፤ አምፖሎቹ ሲደበዝዙ ያያሉ። ሁለት የባትሪ ድንጋይና ሦስት አምፖል ካገኙ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳዩ። ለኔ የሲሙሌሽን ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው፦ ከእውነተኛው ዕቃ የሚለይበትን ምክንያት ራሱን ማስተማር።

ከ40 ደቂቃው ውስጥ ለሲሙሌሽኑ 15 ደቂቃ ይበቃል። የፕላዝማው ችግር ፍጥነቱ በመምህሩ እጅ አለመሆኑ ነበር፤ እዚህ ግን ማቆሚያው እርስዎ ጋ ነው።

---

አቡጀዲ

ስለ ፕሮጀክተሩ ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ጥሩ ሆኖ በኬብል የሚበላሽበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከአንድ ቀን በፊት ያንኑ ላፕቶፕ ከዚያው ፕሮጀክተር ጋር ያገናኙ። ምስል ካልመጣ ዊንዶውስና ፒን አብረው ተጭነው «ዱፕሊኬት» ይበሉ። ኬብሉ ቪጂኤ ከሆነ ድምፅ አያስተላልፍም፣ ኤችዲኤምአይ ያስተላልፋል። ስልክን በአዳፕተር ማገናኘት ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ የስልኩ ዩኤስቢ ሲ ቪዲዮ የሚያወጣ መሆን አለበት፣ ርካሾቹ አብዛኞቹ አያወጡም። አዳፕተር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

ስክሪን ከሌለ ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ አጥፈው ከላይም ከታችም በእንጨት ይወጥሩ። የሚሰቀለው መስኮት ብርሃን በቀጥታ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ነው። ከኋላ ወንበር የሚነበበው ከ28 በላይ የሆነ ፊደል ነው፤ ሲሙሌሽኑ ላይ ያሉ ትናንሽ ቁጥሮች ስለማይታዩ አንድ ተማሪ ንባቡን ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ይቁም።

መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ። ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ ፕሮጀክተሩንም ቻርጀሩንም ይጎዳል። ባለ ላምፕ ፕሮጀክተር ከሆነ ትንሽ ቀዝቅዞ ነው እንደገና የሚበራው፤ ሥራ ሲጨርሱም ማራገቢያው እስኪቆም ሳይነቅሉ ይጠብቁ። 650 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ መጠባበቂያ ባትሪ) በሥርዓት ለማጥፋት የሚሆኑ ጥቂት ደቂቃዎች ይሰጣል እንጂ ትምህርት አያስጨርስም። ስለዚህ ያንኑ ሰርኪት ሰሌዳው ላይ አስቀድመው ይሣሉት፤ ጥያቄውና ክርክሩ ያለ መብራትም ይቀጥላል።

መልስ ለመሰብሰብ ፕሊከርስ የሚባለውንም ይሞክሩ። ተማሪው የሚይዘው የታተመ ካርድ ነው፣ ስልክ የሚያስፈልገው ለመምህሩ ብቻ ነው። ካርዱን በየትኛው ጎኑ እንዳነሣ ካሜራው አንብቦ የማን መልስ ትክክል እንደሆነ ያሳያል። ትልቁ ስብስብ 63 ካርድ ስላለው ለእርስዎ ክፍል ይበቃል። ጣት ሥዕሉን ከሸፈነ አያነብም፤ የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽንም ብርሃን ስለሚመልስ ያሳስተዋል፣ ወፍራም ወረቀት ላይ ማተም ይሻላል። መተግበሪያው ግን ዳታ ይፈልጋል። ዳታ ከሌለ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው ባለ አራት ቀለም ወረቀቶች ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፣ ስም በስም አይመዘግቡም እንጂ።

---

ጠመኔ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምፖሎቹን በዚህ ሳምንት እሞክራለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ማስታወሻና መልመጃ በቴሌግራም ብልክስ? ፈተናስ በአማርኛ መመሪያ ጽፌ ማተሚያ ቤት ስወስደው ፊደሉ ለምን ሳጥን ሳጥን ይሆናል?

---

ሮስተር በኤክሴል

ሳጥን የሚሆነው የተጻፈበት ፎንት እዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ነው። የድሮዎቹ ዩኒኮድ (ለሁሉም ኮምፒውተር አንድ የሆነው የፊደል አሰያየም) ያልሆኑት ፎንቶች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ፤ ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይለወጣሉ። በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ይጻፉ፣ ለመተየብም ኪማን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ፣ ሲጨርሱ ከዎርድ «ሴቭ አዝ» ብለው ፒዲኤፍ ያድርጉት። ፒዲኤፉ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት አይለወጥም።

ለቴሌግራም ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይክፈቱ። ግሩፕ ውስጥ ማስታወሻዎ በሰላምታና በስቲከር ይዋጣል። ማስታወሻውን በፒዲኤፍ ይላኩ፣ የሰሌዳ ፎቶም ከሆነ በትንሽ መጠን። ተማሪዎቹ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ገብተው ሚዲያ በራሱ እንዳይወርድ እንዲያጠፉ በመጀመሪያው ቀን ያሳዩዋቸው፤ ካልሆነ የጥቅል ዳታቸው በማያስፈልግ ቪዲዮ ያልቃል። ቻናል ላይ የሚለጠፍ የምርጫ ጥያቄ ማን ምን እንደመለሰ አይነግርዎትም፣ ስለዚህ ለልምምድ እንጂ ለማርክ አይሆንም። ስልክ ለሌላቸው ደግሞ የላኩትን ሁሉ አንዳንድ ቅጂ አትመው ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጡ፤ ከቻናሉ ቀድሞ ቢደርስ ይመረጣል።

የክፍሉን ውጤት በስም ቻናል ላይ በፍጹም አይለጥፉ። የሮስተሩ ፋይል በይለፍ ቃል ይቆለፍ፦ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ፕሮቴክት ወርክቡክ»፣ «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ»። አንድ ቅጂ በፍላሽ ዲስክ፣ አንድ ቅጂ በራስዎ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ይኑር። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ኤክሴል የሚመልስበት መንገድ የለውም፤ ወረቀት ላይ ጽፈው ከላፕቶፑ በተለየ ቦታ ይቆልፉበት።