የግቢያችን ውሾችና ድመቶች፦ ለጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው የጋራ ሐሳብ ላይ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ፀሐፊ (ብሎክ 9)
ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ እንደተባባልነው፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ግቢያችን ውስጥ ስላሉት ውሾችና ድመቶች አንድ የጋራ ሐሳብ አዘጋጅተን ለጠቅላላ ጉባኤው ማቅረብ አለብን። ከጸደቀ በኋላ ለወረዳው ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለጤና ጣቢያው በደብዳቤ ይላካል። ለመነሻ ያህል ሦስት ነጥብ ጽፌያለሁ።
1. ባለቤት ያላቸው ውሾች ተመዝግበው ይከተቡ።
2. ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከግቢ እንዲወገዱ ወረዳውን እንጠይቅ።
3. የክትባቱ ቀን መስከረም 18፣ ማለትም የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ይሁን።
ጨምሩ፣ ቀንሱ፣ ተቃወሙ።

ብሎክ 4፣ አባት
ሁለተኛው ነጥብ ይብራራ። «ይወገዱ» ስንል ምን ማለታችን ነው? መርዝ ከሆነ በግልጽ ይጻፍና እንነጋገርበት። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ በሩ ላይ የሚሰበሰበው መንጋ እንዲያስቸግራቸው አልፈልግም። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ግን ያስረዳኝ።

ብሎክ 12፣ የእንስሳት ሐኪም
ጋሼ፣ የጠየቁት ዋናውን ነገር ነው። መርዝ ውሻውን ይገድላል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። ከብሎኮቻችን ጀርባ የጤፍ ማሳ ነው፤ ወዲያ ደግሞ ኮዬ ፈጬ አለ። እዚህ ያሉት ውሾች ባለቁ በሳምንታት ውስጥ ሌሎች ይመጣሉ፣ ምክንያቱም የሚበላው ቆሻሻ እዚያው ነው ያለው። የሚመጡት ደግሞ የማናውቃቸውና ያልተከተቡ ናቸው። ሬሳውን የሚበሉት ጅብና ጥንብ አንሳም ተከትለው ይሞታሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲናገር የቆየው አንድ ነገር ነው፦ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየዓመቱ ቢከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይቋረጣል። 70 የተባለበት ምክንያት አለው። በዓመቱ ውስጥ የተከተቡት ይሞታሉ፣ ቡችሎች ይወለዳሉ፣ የተከተቡት ድርሻ ይወርዳል። ከፍ ተብሎ ካልተጀመረ የሚቀጥለው ክትባት ሳይደርስ ክፍተት ይፈጠራል። በግቢያችን 40 ውሾች ቢኖሩ ቢያንስ 28ቱን መከተብ አለብን ማለት ነው። ባለቤት ያላቸውን ብቻ ብንከትብ እዚህ ቁጥር ላይ አንደርስም። ስለዚህ ነጥብ 2 «ይከተቡ» ተብሎ ይቀየር።

ብሎክ 15፣ እናት
ልጄ የተነከሰችው እዚሁ ግቢ ስለሆነ ልናገር። ደረጃ ሥር የወለደች ውሻ ነበረች፤ ልጄ ቡችላውን ላንሳ ብላ እጇን ዘረጋች። ውሻዋ መጀመሪያ አጉረመረመች አሉኝ አብረዋት የነበሩት ልጆች። ልጄ ግን ማጉረምረም ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዷ በርበሬ ነስንሺበት ትለኛለች፣ ሌላዋ ሎሚ፣ ሌላው በቀጥታ ጠበል ውሰጃት ይላል። ነርስ የሆነችው ጎረቤቴ ናት ጎትታ ቧንቧ ሥር ያስገባችን። ወጣቶቹ ደግሞ ውሻዋን በድንጋይ ቀጥቅጠው ገደሏት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻዋ የት አለች?» የሚል ነበር።

ልጄ ክትባቷን ጨርሳ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐሳቡ ውስጥ እንዲገባ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ሰው ሲነከስ ምን እንደሚደረግ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየብሎኩ መግቢያ ይለጠፍ። ልጆቻችን ደግሞ የውሻን ጠባይ ይማሩ።

ብሎክ 12፣ የእንስሳት ሐኪም
እህቴ፣ ልጅሽን እንኳን እግዚአብሔር ማራት። በየብሎኩ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ከነርሷ ጋር እናዘጋጃለን። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጅ እያለቀሰ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል፤ ግን በሰዓት ይያዝ። ቫይረሱ ያለው በምራቁ ውስጥ ስለሆነ ውሃና ሳሙናው ብዙውን ያጥበዋል። በርበሬ፣ ሎሚ፣ ቡና፣ ምንም አይነስነስበት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፤ የሚሰጠውን ቀጠሮ ሁሉ ሳያቋርጡ መጨረስ። ጠበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ ክትባቱን ግን በዚያ አይተካ። ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እስኪደርስ ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የምንቀድመው በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱትን፣ ሆድ ላይ የሚወጋውን ብዙ መርፌ ፈርቶ ማንም ሰው ከጤና ጣቢያ እንዳይቀር ይህም ይጻፍ።

የነከሰው ውሻ ወይም ድመት አይገደል። ታስሮ ወይም በር ተዘግቶበት 10 ቀን ይጠበቅ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ከሞተ ደግሞ ምርመራው የሚሠራው በአንጎሉ ላይ ነው፤ ጉለሌ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመረምረዋል። ጭንቅላቱ በድንጋይ የተፈረካከሰ ውሻ ግን ለምርመራ አይሆንም።

ብሎክ 4፣ አባት
ይህን የ10 ቀኑን ነገር በዚህ ዕድሜዬ አሁን ገና መስማቴ ነው። በወፍራም ይጻፍልን።

የሌሊት ጥበቃ (በድምፅ ከላኩት በፀሐፊው የተጻፈ)
እንደምን አመሻችሁ። እኔ ውሾቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ቡናማዋ የውሃ ታንከሩ ሥር ታድራለች፣ ጥቁሩ ከበሩ አይለይም፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ብሎክ 3 ጀርባ ናቸው። ባለቤት የላቸውም ትላላችሁ፤ እኔ ግን ከምሳ ዕቃዬ አካፍላቸዋለሁ፣ ቀን ያለው ጓደኛዬም እንደዚሁ። ውሻ በበላበት ይጮሃል። ጅብ ከማሳው ሲመጣ የሚጮኹት ሌላ ነው፣ ለሌባ የሚጮኹት ሌላ። እኔ በድምፁ እለየዋለሁ።

ክትባት ከሆነ እኛ እንይዛቸዋለን። የማያውቁት ሰው ገመድ ይዞ ቢመጣ ግን አይያዙም፣ ይናከሳሉ። አንዴ በዱላ ከተባረሩ ደግሞ ለእኛም አይመጡም። ስለዚህ ከአሁኑ ጀምሮ ልጆቹ ድንጋይ መወርወሩን ይተዉ።

ብሎክ 12፣ የእንስሳት ሐኪም
አባባ የተናገሩት ለዕቅዳችን ትልቁ ቁልፍ ነው። «ባለቤት የሌላቸው» የሚለው ቃል ራሱ ከሰነዱ ይውጣና «የግቢው ውሾች» ይባል፤ ያዦቻቸውም ጥበቃዎቹ መሆናቸው ይጻፍ። የሚያበላው ሰው ያለው ውሻ ሊያዝ፣ ሊከተብ፣ ሲታመም ሊታወቅ ይችላል። የሚታመም ውሻን ቀድሞ የሚያውቀውም በየቀኑ የሚያየው ሰው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም። ተጫዋች የነበረው ይደበቃል፣ ዓይን አፋሩ ሰው ላይ ይጠጋል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ ማንም ይህን አያድርግ፤ ለጥበቃ ይነገር፣ ጥበቃው ለእኔ ይደውል።

ስለ ልጆቹ ትምህርት፦ በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር ስለሆነም ፊትና ጭንቅላት ላይ ይነከሳሉ። ስለዚህ ትምህርቱ ከክትባቱ እኩል ይቆጠር። ልጆች ማወቅ ያለባቸው ጥቂት ነገር ነው። ጭራ የሚወዛወዝ ሁሉ ደስታ አይደለም፤ ሰውነቱ ደርቆ፣ ጭራው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሞ ቀስ ብሎ ከተወዛወዘ ውሻው እያስጠነቀቀ ነው። ሳይርበው ከንፈሩን የሚልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋ፣ ፊቱን አዙሮ የዓይኑን ነጭ የሚያሳይ ውሻ ተጨንቋል፤ «ራቁኝ» እያለ ነው። ሲያጉረመርም ደግሞ የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ እየሰጠ ነው። ውሻን ስላጉረመረመ የሚመቱ ቤቶች አሉ፤ ውሻው ከዚያ የሚማረው ሳያጉረመርም መንከስን ነው።

ሲመጣባቸው አይሩጡ፣ አይጩኹ። እጅን ወደ ታች አድርጎ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ዓይን ዓይኑን አለማየት፣ ሲረጋጋ በቀስታ ወደ ኋላ መራቅ። የሚበላን፣ የተኛን፣ የወለደችን አለመንካት።

ብሎክ 2፣ ድመት ያለኝ
ድመቶች ርዕሱ ላይ እንጂ ነጥቦቹ ውስጥ የሉም። ድመትም በእብድ ውሻ በሽታ ይያዛል አይደል ዶክተር? ምግብን በተመለከተም ብትጽፍልን ደስ ይለኛል። እኛ ብሎክ ያሉ ብዙዎች «ውሮ ውሮ» ብለው ጠርተው የሚሰጡት እንጀራ በወጥ ነው።

ብሎክ 12፣ የእንስሳት ሐኪም
አዎ፣ ድመትም ይያዛል፣ ያስተላልፋልም፤ ስለዚህ ይከተብ። ወጡን በተመለከተ ግን ቆም ብለን እንነጋገር። የእኛ ወጥ በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ሁለቱም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ የድመቱ ደግሞ ይበልጥ ስሱ ነው። በአንድ ቀን አይታይም። እየደከመ፣ ድዱ እየነጣ ሄዶ ነው የሚታወቀው። የሚተርፍ ነገር የሚሰጥ ሰው ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት የተቀነሰ ሥጋ ወይም ባዶ እንጀራ ይስጥ። ለድመት ግን እንጀራ ብቻውን አይበቃም፤ ሥጋ ወይም ዓሣ የግድ ነው፤ ልቡና ዓይኑ የሚፈልጉት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከዚያ ነው የሚገኘው።

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ግማሽ ኪኒን እንኳ ሊገድል ይችላል። «ለሕፃን ይሰጣል፣ ምን ይለዋል» ተብሎ የተሰጣቸው ድመቶች ክሊኒክ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ረፍዶ ነው።

ድመት ሕመሙን ይደብቃል። አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም ያለ፣ ፀጉሩን መላስ ያቆመ ድመት ታሟል። ማንኮራፋቱም ደስታ ብቻ አይደለም፤ ሲያመውም ያንኮራፋል። ወንድ ድመት ለመሽናት ደጋግሞ ተቀምጦ ሽንት ካልወጣው እስከ ነገ አይጠበቅ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ብሎክ 7፣ እናት
አሰላሙ ዓለይኩም ጎረቤቶቼ። እኛ ውሻ ቤት አናስገባም፤ ምራቁ ከነካን ለሶላት መታጠብ አለብን። ስለዚህ በደረጃና በኮሪደር ላይ ውሻ በገመድ ተይዞ ይሂድ የሚል ቢጨመር ያግባባናል። ለተጠማ ውሻ ውሃ መስጠት ግን ምንዳ አለው፤ የውሃ መጠጫውን የብሎክ 7 እናቶች ችለነዋል።

የማኅበሩ ፀሐፊ (ብሎክ 9)
እትዬ፣ አላህ ይስጥልን። የገመዱም የውሃውም ገብቷል።

ብሎክ 6፣ ሉካንዳ ያለኝ
የበዓሉስ ነገር? ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋ እዚህ ግቢ ስንት በግ እንደሚታረድ ታውቃላችሁ። የጋራ ማረጃ ቤታችን ኮሚናሉ እያለ ደጅ የሚያርደው ይበዛል፤ አንጀቱና ሳምባው የሚጣለው ለውሻ ነው። በሥራዬ የማየውን ልንገራችሁ፦ ሳምባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እንቁላል የሚያህል እብጠት ያለበት አለ። የሥጋ ተቆጣጣሪ አይቶ ይጥለዋል። ቤት ሲታረድ ግን ማን ያያል?

ብሎክ 12፣ የእንስሳት ሐኪም
ወንድሜ በጣም ጥሩ አድርገህ አነሳኸው፤ እኔም ይህ ራሱን የቻለ ነጥብ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ያ ውሃ የቋጠረ ነገር የትል ከረጢት ነው። ውሻ በጥሬው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ሺህ ትናንሽ ትሎች ይሆናሉ፤ ውሻው ግን ምንም አይመስልም፣ አይከሳም፣ አያስነጥስም። ከሳምንታት በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ልጅ አፈር ነክቶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ያ እንቁላል ይገባበትና በጉበቱ ወይም በሳምባው ላይ ያው ከረጢት ቀስ ብሎ፣ ለዓመታት ያድጋል። ብዙ ጊዜ ማውጫው ቀዶ ሕክምና ነው። ሰንሰለቱን የምንበጥስበት ቦታ ደግሞ ቀላል ነው፦ ጥሬ ሆድ ዕቃ ለውሻ አይሰጥ። በደንብ ይቀቀል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ውሾቹም ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ይሰጣቸው፤ ከበዓላት በኋላ በተለይ።

ብሎክ 6፣ ሉካንዳ ያለኝ
ከኮሚናሉ ጀርባ ጉድጓዱን እኔና ልጆቼ እንቆፍራለን። ክዳኑን ማኅበሩ ይቻል።

ብሎክ 11፣ ወጣት
ቀኑ አያስኬድም። መስከረም 17 መስቀል ነው። በማግስቱ ግቢው ባዶ ነው፤ ግማሹ ወደ ጉራጌ ሄዷል፣ የቀረው ቤቱ ክትፎ ላይ ነው። ውሻ ይዞ የሚሰለፍ አይገኝም።

ብሎክ 12፣ የእንስሳት ሐኪም
ልክ ነህ። ከመስቀል ቀጥሎ ያለው እሁድም አይሆንም፤ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ነው። ለእርዳታ የምንጠይቃቸው ተማሪዎች ደግሞ ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ናቸው፤ በዚያ ቀን መንገዱ አያስወጣቸውም። ከኢሬቻ በኋላ ያለው እሁድ ይሁን፣ ከቅዳሴ መልስ ከ3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተያዘ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ በረዶ ያለበት የክትባት ሳጥን ከጤና ጣቢያው በውሰት እንጠይቅ። የሱቅ ፍሪጅ አይሆንም። ቡችሎችም ትንሽ ናቸው ተብለው አይቅሩ።

ብሎክ 4፣ አባት
መራባታቸውስ? በየዓመቱ እየከተብን በየዓመቱ ቡችላ ከበዛ ልፋት ነው።

ብሎክ 12፣ የእንስሳት ሐኪም
ማምከን ይቻላል ጋሼ፤ ኮሌጁን በደብዳቤው እንጠይቅ። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ነው፣ ወጪና የማገገሚያ ቦታ ይፈልጋል፤ በዚህ ዓመት ከሴቶቹ እንጀምር። ቆሻሻው ክዳን ባለው ገንዳ ከተያዘም ቁጥራቸው በራሱ ይቀንሳል።

የማኅበሩ ፀሐፊ (ብሎክ 9)
እስካሁን የተስማማንበት ይህ ነው፤ ማስተካከያ ካለ እስከ ነገ ማታ።
1. ባለቤት ያላቸው ውሾችና ድመቶች እንዲሁም የግቢው ውሾች ሁሉ ይመዘገባሉ፣ በየዓመቱ ይከተባሉ። የግቢው ውሾች ያዦች ጥበቃዎቹ ናቸው፤ የሚከተቡት በእነሱ እጅ ነው። በግቢው መርዝ አይደረግም።
2. ሰው ሲነከስ የሚደረገው በየብሎኩ ይለጠፋል፤ የነከሰው እንስሳ አይገደልም፣ 10 ቀን ይጠበቃል።
3. ከክትባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ለልጆች የውሻና የድመት ጠባይ ትምህርት ይሰጣል።
4. እርድ በኮሚናሉ፣ ሆድ ዕቃ በጉድጓዱ። ከበዓል በኋላ የትል መድኃኒት።
5. በደረጃና በኮሪደር ውሻ በገመድ ብቻ።
6. ክትባቱ ከኢሬቻ ቀጥሎ ባለው እሁድ፤ ማምከን ለኮሌጁ በሚጻፈው ደብዳቤ ይጠየቃል።

ብሎክ 15፣ እናት
ነጥብ 1 ላይ አንድ ነገር ይጨመርልኝ። ውሾቹን የሚይዙት ጥበቃዎች ከሁላችን በላይ ለመነከስ የተጋለጡ ናቸው። ከመጀመራቸው በፊት እነሱ ራሳቸው የመከላከያ ክትባት እንዲያገኙ ጤና ጣቢያውን በደብዳቤው እንጠይቅ፤ ወጪ ካለው ከማኅበሩ ይሸፈን።

የማኅበሩ ፀሐፊ (ብሎክ 9)
ገብቷል። ደብዳቤው ላይ ከሁሉም አስቀድሜ እጽፈዋለሁ።