የጉሊቷ ምርቃት ቸርነት ነው ስሌት?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አንዱ ተንታኝ «ካፒታሊዝም ራስ ወዳድነት ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው» አለ። ቃሊቲ እስክንደርስ ድረስ አብሰለሰለኝ። ሰፈራችን ያለችውን የጉሊት ነጋዴ አስቡ። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ትመዝናለች። ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሁለት ፍሬ ትመርቃለች። ማንም አላስገደዳትም። ይህን ራስ ወዳድነት ልለው አልችልም።

ባለ ብሎክ 12፦ ወንድሜ፣ ምርቃቱ ደንበኛ መያዣ ነው። ነገም እሷ ጋ እንድትሄድ ነው። ትሄዳለህ አይደል? የኢኮኖሚ ሊቁ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ተናግሮታል፤ እራታችንን የምናገኘው ከሥጋ ሻጩ፣ ከጠማቂውና ከዳቦ ጋጋሪው ቸርነት አይደለም፣ የራሳቸውን ጥቅም ስለሚያዩ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ስሚዝን የሚጠቅስ ሁሉ እዚያው ላይ ይቆማል። ያው ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1759 ያወጣውን መጽሐፍ ሲጀምር፣ ሰው የቱንም ያህል ራስ ወዳድ ቢመስል የሌላው ደስታ ግድ የሚለው ተፈጥሮ አለው ብሏል። ደግሞ «የራስን ጥቅም ማየት» እና «ራስ ወዳድነት» አንድ አይደሉም። ልጄን ለማሳደግ ስሠራ ጥቅሜን እያየሁ ነው። በዚህ ራስ ወዳድ ልባል?

ባለ ብሎክ 12፦ አንቺን ማንም ራስ ወዳድ አላለሽም። ደንበኛ መያዣ ነው ላልኩት ግን መልስ አልሰጣችሁኝም።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦ እሺ፣ «ደንበኛ መያዣ»። ወደ ደብረ ዘይት የሚያልፈው መንገደኛስ? ከመኪና ወርዶ ቲማቲም የሚገዛ፣ ሁለተኛ የማታየው ሰው? ለእሱም ስትመርቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለ ብሎክ 12፦ እጇ ለምዶ ነው።

ጋሽ የእቁብ ዳኛ፦ ልጆች፣ እኔ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ይዤ ነው ያደግሁት። ሻጩ ደሞዝተኛ ነበር። ብትመጣም ብትቀርም ለእሱ ያው ነው። ስኳር በኮታ ይመዘናል። አንዲት ማንኪያ ምርቃት አይቼ አላውቅም። ትርፍ ሲቀር ምርቃቱም አብሮ ቀረ። ብሎክ 12 እውነት አለው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። ስኳሩ የሻጩ አልነበረም እኮ! ቢመርቅ ጉድለት ተብሎ ይጠየቅበታል። ሰው የራሱ ያልሆነውን ከየት አምጥቶ ይመርቃል? የጉሊቷ ሽንኩርት ግን የራሷ ነው። ሌሊት ተነስታ ጆንያውን በገዛ ብሯ ታነሳለች። ማን እንደሚገዛት አታውቅም። ጆርጅ ጊልደር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1981 የተከራከረው ይህንን ነው። ካፒታሊዝም የሚጀምረው በመስጠት ነው፤ ነጋዴ ምን እንደሚመለስለት ሳያውቅ አስቀድሞ ያወጣል ይላል።

ባለ ብሎክ 12፦ አስቀድሞ ማውጣት መስጠት ነው እንዴ? ጤፍ የሚዘራ ገበሬም ዝናቡን አያውቅም። የሚዘራው ግን ሊያጭድ ነው። ለአፈሩ ሰጠ አንለውም። ይሄ አይዋጥልኝም።

የኮዬ ፈጬ ተከራይ፦ ሽንኩርቱን ተዉትና ስለ ቤት አውሩ። አከራዬ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ጨመረብኝ። ቸርነት በቂ ቢሆን የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ለምን ወጣ? ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት ተብሎ የተጻፈው ሰው ስለተማረረ ነው።

ባለ ብሎክ 12፦ ይኸው!

አከራይ ነኝ፦ ሁላችንንም በአንድ አትፈርጁን። ተከራዬ ሥራ ሲያጣ ሦስት ወር ታግሻለሁ። ኮንዶሚኒየሙን የያዝኩት በብድር ነው። ባንኩ እኔን አልታገሠኝም።

የኮዬ ፈጬ ተከራይ፦ የሦስቱን ወር ተውክለት ወይስ በኋላ ተቀበልከው?

አከራይ ነኝ፦ የአንዱን ወር ትቼለታለሁ።

የኮዬ ፈጬ ተከራይ፦ የሁለቱን ወሰድክ ማለት ነው።

አከራይ ነኝ፦ ብድሩን አንተ ትከፍልልኛለህ?

ጋሽ የእቁብ ዳኛ፦ ኧረ ተረጋጉ። እኛ እቁብ ላይ ሚስቱ የታመመችበት ሰው ካለ ዕጣውን ለእሱ እንለቃለን። እሱም እስከ መጨረሻው ይጥላል። ነገ እኔ ብቸገር ይለቁልኛል ብዬ እንደማስብ አልክድም። ግን ያን ቀን የማስበው ስለ ሴትየዋ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ነው ያለው፤ ልለየው ብል አልችልም።

ባለ ብሎክ 12፦ ጋሼ፣ ቅድም ከእኔ ጋር አልነበሩም?

ጋሽ የእቁብ ዳኛ፦ ስለ ቀበሌ ሱቁ አሁንም ካንተ ጋር ነኝ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦ ማታ ስመለስ ራሷን ጠየቅኳት። «ለምን ትመርቂያለሽ?» ስላት «እናቴም ትመርቅ ነበር። ሳይመረቅ ይሸጣል እንዴ?» አለችኝ።

ባለ ብሎክ 12፦ አላልኩም? እጇ ለምዶ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የእናቷስ እጅ ከማን ለመደ?

ባለ ብሎክ 12፦ ከገበያ ነዋ።

የኮዬ ፈጬ ተከራይ፦ የኪራዩን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።