የ2020 ፕሮምስ ክርክር፦ ቢቢሲ ግጥሙን ላስቀር ማለቱ ልክ ነበር?

ለንደን ሰፋሪ፦ ሰላም ወገን። ትናንት ምሳ ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በዚህ ነገር ተጨቃጭቄ እስካሁን አልበረደልኝም። ፕሮምስ ከ1895 ጀምሮ ለንደን ውስጥ የሚካሄድ፣ አሁን ቢቢሲ የሚያዘጋጀው የክላሲካል ሙዚቃ ድግስ ነው። በመጨረሻው ምሽት አዳራሹ ባንዲራ በባንዲራ ይሆንና ሕዝቡ «ሩል ብሪታኒያ»ን እና «ላንድ ኦፍ ሆፕ ኤንድ ግሎሪ»ን፣ ሁለቱን የአገር ፍቅር ዘፈኖች፣ እየጮኸ ይዘፍናል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2020 ቢቢሲ «ዘንድሮ ሁለቱም በኦርኬስትራ ብቻ፣ ያለ ግጥም» አለ። አገር ተቀወጠ። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ሳይቀር በታሪካችን ማፈር ይብቃን እያለ ገባበት። በመጨረሻ ቢቢሲ ታጠፈ፣ ሴፕቴምበር 12 ተዘፈነ። እኔ የመጀመሪያው ውሳኔ ልክ ነበር ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሶልፋ፦ ኧረ ተው ጋሼ! የ«ሩል ብሪታኒያ» ግጥም እኮ የ1740 ነው። ጄምስ ቶምሰን ጻፈው፣ ቶማስ አርን ዜማ ሰጠው። ደግሞ ቃሉን ልብ ብለው ያንብቡት፣ «ማዕበሉን ግዢ» ነው የሚለው እንጂ «ትገዣለሽ» አይልም። ምኞት ነው። ሰው አሳስቶ «ትገዛለች» እያለ ሲዘፍነው ነው ጉራ የመሰለው።

የታሪክ ተማሪ፦ ሰዋስውሽ አሪፍ ነው፣ ግን ቀጣዩን ስንኝ ዘለልሽው። ብሪታንያውያን መቼም ባሪያ አይሆኑም ይላል። ይሄ ሲዘፈን የእነሱው መርከቦች አፍሪካውያንን በሰንሰለት እየጫኑ አትላንቲክን ያቋርጡ ነበር፤ ንግዱን በሕግ የከለከሉት ገና በ1807 ነው። ከእነዚያ ሰዎች የተወለደ ሙዚቀኛ እዚያ መድረክ ላይ ተቀምጦ ይህን ሲያጅብ ምን ይሰማዋል? ቼሎ ተጫዋቹ ሼኩ ካነ ሜሰን በ2023 የመጨረሻ ምሽት ላይ ተጫውቶ ነበር፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ዘፈኑ ቢቀር ይሻላል ብሎ በግልጽ ተናገረ። የወረደበትን ስድብ አይታችኋል።

ቆቅ፦ እኔን ያበገነኝ ግጥሙ ሳይሆን ቢቢሲ ነው። አዳራሹ ባዶ ነው፣ አብሮ የሚዘፍን ሕዝብ የለም፣ ኮቪድ ነው አለ። እውነት ነው፣ ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ያን ምሽት አንድ ተመልካች አልነበረም። ግን ነገሩ የተነሣው ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ተገድሎ ዓለም በተንቀሳቀሰበት፣ ብሪስቶል ላይ የባሪያ ነጋዴው ኮልስተን ሐውልት ተጎትቶ ውሃ ውስጥ በተጣለበት ዓመት ስለሆነ ሰበቡን ማን ይመን? ወይ ደፍረህ «ግጥሙ አይመቸንም» በል፣ ወይ ዝም ብለህ አዘፍን። እነሱ ግን በዘጠኝ ቀን ሐሳባቸውን ገለበጡ። መሃል ላይ የተቀጠቀጠችው ኪየቭ ተወልዳ ፊንላንድ ያደገችው የኦርኬስትራ መሪዋ ዳሊያ ስታሴቭስካ ናት። ውሳኔው የሷ አልነበረም፣ ስድቡ ግን የሷ ሆነ።

ሶልፋ፦ በዚህ እስማማለሁ። ደግሞ ማንም የማያነሣው ነገር አለ። ያን ምሽት የዘፈነችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ጎልዳ ሹልትዝ ነበረች፣ «ጀሩሳሌም» የተባለውን መዝሙርም ቤሊዝ የተወለደችው ኤሮሊን ዎለን በአዲስ መልክ አቀናብራው ቀርቧል። አሮጌውን ሳትጥል አዲስ ሰው ታስገባለህ። ከመሰረዝ ይሻላል።

ለንደን ሰፋሪ፦ ከዚያ አዳራሽ በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ሂጂ፤ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ትደርሻለሽ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው የወርቅ ዘውድ ያለው እዚያ ነው። እሱን አይቼ ወጥቼ ያን ዘፈን ስሰማ አንጀቴ ነው የሚያርረው።

የሻይ ቤት ልጅ፦ ጋሼ ዘውዱ ይመለስ፣ እኔም አብሬ እጮሃለሁ። ግን ዘፈን ቢቀር ዘውድ ይመጣል? እኛ ከአብዮቱ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብሔራዊ መዝሙር ቀይረናል፣ ምን አተረፍን? አባቴ የንጉሡን ዘመን መዝሙር እስከ ዛሬ በቃሉ ይወጣዋል። ንጉሥ ናፍቆ እንዳይመስላችሁ፣ በልጅነቱ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ስለዘመረው ነው። እነዚያ ባንዲራ የሚያውለበልቡት ፈረንጆችም ብዙዎቹ እንደዚያ ይመስሉኛል።

ቤዛ፦ ይቅርታ፣ ግን የዚያ ዓመት ትልቁ የሙዚቃ ጉዳይ ይሄ ነበር? ከመጋቢት ጀምሮ አዳራሹ ሁሉ ተዘግቷል። 50ኛ ዓመቱን ሊያከብር የነበረው የግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል ተሰርዟል። መንግሥት 1.57 ቢሊዮን ፓውንድ ለኪነ ጥበብ ተቋማት መደበ፣ በየሥራው የሚከፈለው ከበሮ መቺ ግን ኪራዩን በምን ይክፈል? በጥቅምት ደግሞ የባሌት ዳንሰኛ ፎቶ ያለበት፣ ቀጣይ ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ሊሆን ይችላል የሚል የመንግሥት ማስታወቂያ ተሰራጨ፤ ሰው ሲነሳባቸው አነሡት። የአገር ፍቅር ጠፋ ለሚለውማ፣ በዚያው ዓመት የ99 ዓመቱ አርበኛ ካፒቴን ቶም ሙር ከዘፋኙ ማይክል ቦል ጋር የብሪታንያን የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መርቷል። ኧረ ማን ከለከላቸው!

ቆቅ፦ ቤዛ ጨረሰችው።

የታሪክ ተማሪ፦ አልጨረሰችም፣ ሌላ ርዕስ ከፈተች እንጂ። ሁለቱም ሊያሳስበን ይችላል። ደግሞ ካፒቴን ቶም ስለ ማንም ባርነት አልዘፈነም።

ሶልፋ፦ እሺ፣ በሚቀጥለው ዓመት አብረን እንሂድና አዳራሹ ውስጥ ሆነህ ፍረድ።

የታሪክ ተማሪ፦ እመጣለሁ። «ሩል ብሪታኒያ» ሲጀምር ግን ወጥቼ ቡና እጠጣለሁ።

ሶልፋ፦ የምንቆርጠው ቆመው የሚያዩበትን ትኬት ነው። ከወጣህ ቦታህን አታገኘውም፣ እኔም አልይዝልህም።