ገጸ ምድር ላይ የማይታይ የአለት ክፍል «ፎርሜሽን» (የራሱ ስም ያለው የድርብርብ አለት ክፍል) ተብሎ ሊሰየም ይችላል?

ጠያቂ፦ ነዳጅ ባለበት ተፋሰስ ውስጥ በ4 ጉድጓዶች የጋማ ሬይ ሎግ (የአለቱን የተፈጥሮ ጨረር በየጥልቀቱ የሚመዘግብ ልኬት) አንድ ዓይነት ቅርጽ የሚሰጥበት 60 ሜትር ያህል ክፍል አለ። ሼል (ከጭቃ የጠነከረ፣ ስስ ንብርብር ያለው አለት) እና የአሸዋ ድንጋይ ይፈራረቁበታል፤ ገጸ ምድር ላይ የትም አይወጣም፣ ዕድሜውም አልታወቀም። አዲስ ፎርሜሽን ለማለት ምን ይጎድላል?

ሎግ አንባቢ፦ ገጸ ምድር ላይ አለመውጣቱ አያግድም። የሚያግደው ሎግ ብቻ ይዞ መምጣት ነው። ፎርሜሽን የሚለየው በአለቱ ዓይነት ስለሆነ ኮር (ከጉድጓዱ እንዳለ ተቆርጦ የሚወጣ የአለት በትር)፣ ካልሆነም የቁፋሮ ፍርፋሪ (መሰርሰሪያው ሰባብሮት ከቁፋሮው ጭቃ ጋር የሚወጣ አለት) ያስፈልጋል። ከ4ቱ የተሟላ መረጃ ያለውን መለያ ጉድጓድ (ፎርሜሽኑ የሚገለጽበት ዋቢ) አድርገውና መገኛውን፣ የላይና የታች ወሰኑን ጥልቀት ጻፍ። ጥልቀቱ ከየት እንደተለካ፣ ከቁፋሮው ወለል ይሁን ከባሕር ወለል፣ ካልተገለጸ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ዕድሜም ውፍረትም መስፈርት አይደሉም።

ዶሎማይት፦ ስሙ ከቦታ ስም ይወሰዳል፤ ለሌላ ክፍል ተሰጥቶ እንዳይሆን አስቀድመህ አጣራ። አንዳንዴ ግን ነገሩ ይጣመማል፦ በሰሜን አሜሪካ በዊሊስተን ተፋሰስ ያለው ባከን ፎርሜሽን በ1953 ሲሰየም የጉድጓዱን ስም ወሰደ፤ ጉድጓዱ ደግሞ የመሬቱን ባለቤት የገበሬውን የሄንሪ ባከንን። ይኸው ባከን ላይና ታች ጥቁር ሼል፣ መሐሉ ሌላ አለት ስለሆነ በሜምበር (በፎርሜሽን ውስጥ ያለ ንዑስ ክፍል) ይከፈላል። ያንተም መፈራረቅ በየጉድጓዱ በአንድ ቅደም ተከተል ከተደገመ እንዲሁ ክፈለው።

ጠያቂ፦ ኮሩ 9 ሜትር ብቻ ነው፤ ቀሪው ፍርፋሪ።

ሎግ አንባቢ፦ እንግዲያው ጣጣው እዚያ ነው። ፍርፋሪ ከመሰርሰሪያው እስከ ላይ ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድ ጥልቀቱን በዚያ ልክ አስተካክል። ከላይ የተናደ ሼልም ይቀላቀልበታል፤ ብዙውን ጊዜ ትልልቅና ስንጥርጥር ቅርጽ አለው። ስለዚህ አዲስ አለት መጀመሪያ የታየበትን ጥልቀት እመን፣ የጠፋበትን ግን አትመን። ወሰኑን በትክክል የሚያስቀምጥልህ ሎጉ ነው፤ ፍርፋሪው የሚነግርህ ምን አለት እንደሆነ ነው።

ስትገልጽ የአለቱን ስም አስቀድም፤ ከዚያ ቀለም (ናሙናው እርጥብ ሳለ)፣ የቅንጣት መጠን፣ ክብነት፣ ማያያዣ፣ የቀዳዳ ይዞታ፣ መጨረሻ የዘይት ምልክት። 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ስታደርግበት ካልሳይት ወዲያው ይፈላል፤ ዶሎማይት የተባለው ማዕድን ግን ካልተፈጨ ዝግ ይላል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያበራ ሁሉ ዘይት አይደለም፤ ማዕድንም ያበራል። መሟሚያ ጨምርበት፤ ዘይት ከሆነ የሚያበራ ቀለም ወደ መሟሚያው ይወጣል፣ ከማዕድን ግን አይወጣም። የቁፋሮው ጭቃ ራሱ ዘይት ካለበት ደግሞ ይህም ያሳስታል።

ዶሎማይት፦ 60 ሜትሩ በጉድጓዱ ርዝመት የተለካ ነው? ጉድጓዱ ከቁም 30 ዲግሪ ካዘነበለና ድርብርቡ አግድም ከሆነ እውነተኛው ውፍረት 52 ሜትር ነው።