ሳውሮን፣ ማይሮን፣ አናታር፦ ስሞቹ ምን ማለት ናቸው? በአማርኛስ እንዴት ይጻፉ?

ብራና (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ለወጣቶች በአማርኛ ለመተረክ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። ክፉው ገጸ ባሕርይ ሳውሮን፣ ማይሮን፣ አናታር፣ ጎርታውር እየተባለ ይጠራል። ትርጉማቸው ምንድን ነው? የትኛውንስ የት እናስገባ? «ሳውሮን» ከግሪኩ «ሳውራ» (እንሽላሊት) የመጣ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

ሥርወ ቃል
የእንሽላሊቱን ነገር ተዉት። ደራሲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1967 ባረቀቀው ደብዳቤ ሁለቱ ቃላት እንደማይዛመዱ ጽፏል። ስሙ የመጣው እሱ ከፈጠራቸው የኤልፎች (በልቦለዱ ያሉ የማይሞቱ ሕዝቦች) ቋንቋዎች ነው። ሥሩ «ታው» ነው፤ የሚያስጸይፍ፣ የተጠላ ማለት። ይህቺ «ታ» ምላስ ጥርስ መሐል ገብታ የምትወጣ ናት፤ እንግሊዞች «ቴንኪው» ሲሉ የሚጀምሩበት ድምፅ። ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በኩዌንያ ድምፁ ወደ «ስ» ስለተለወጠ ታውሮን ሳውሮን ሆነ። በሌላው የኤልፎች ቋንቋ በሲንዳሪን ግን እንዳለ ቀረ፤ ስለዚህ «ጎርታውር» ውስጥ ያው ሥር ከነድምፁ አለ፣ «ጎር» ደግሞ ሽብር ነው። የኛ ሠ እና ሰ ድሮ ድምፃቸው ለየቅል ነበር፤ የኩዌንያውም ታሪክ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

አንጥረኛው
ማይሮን («የሚደነቅ») ከመክፋቱ በፊት የነበረው ስም ነው። ልቦለዱ ውስጥ አትፈልጉት፤ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ከታተሙ የደራሲው ማስታወሻዎች ነው።

አናታር ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። «አና» ስጦታ፣ «ታር» ጌታ ነው። በሁለተኛው ዘመን፣ ከዋናው ታሪክ እጅግ ቀድሞ፣ መልኩን አሳምሮ ኤሬጊዮን ወደምትባለው የኤልፎች አገር አንጥረኞች ሲመጣ ለራሱ ያወጣው ስም ነው፤ የቀለበት አሠራርን ያስተማራቸውም በዚሁ ስም ነው። ተራኪው «የስጦታዎች ጌታ» ብሎ ካልፈታው አድማጭ ተንኮሉን አይዝም። ኑሜኖር በምትባለው የደሴት መንግሥት ሰዎች ቋንቋ ደግሞ ዚጉር፣ ጠንቋዩ፣ ተብሏል። ዋናው ታሪክ የሚሆነው በሦስተኛው ዘመን ስለሆነ እዚያ ሳውሮን ብቻ ይበቃችኋል።

ፊደል ቆጣሪ
አጻጻፉን በተመለከተ፦ «ሶሮን» ስህተት ነው፣ «አው» በግልጽ ይሰማ። «ጎርዛውር» አትበሉ፣ ድምፁ «ዝ» አይደለም። «ጎርሳውር» ካላችሁም ከላይ የተባለው የድምፅ ልዩነት ይጠፋል፤ በ«ት» ጻፉት። በጆሮ የሚሰማ ነገር ስለሆነ ትልቁ ጣጣ ሳሩማን የሚባለው ሌላው ገጸ ባሕርይ ነው፤ ስሙ ከሳውሮን ጋር ይምታታል፣ የስሞቹ ሥር ግን አይገናኝም። ሁለቱ በአንድ ትዕይንት ሲነሱ «ጠቢቡ ሳሩማን»፣ «የጨለማው ጌታ ሳውሮን» እያላችሁ ለዩአቸው።

ብራና
እናመሰግናለን። የሳውሮን ወታደሮችስ «ሳውሮን» ብለው ይጥሩት?

አንጥረኛው
ባይሉ ይሻላል። በሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ በሞቱ ኦርኮች (የክፉዎቹ ወገን ጭራቅ ወታደሮች) የራስ ቁር ላይ የ«ስ» ምልክት ሲገኝ፣ ከጀግኖቹ አንዱ አራጎርን፣ ሳውሮን እውነተኛ ስሙ እንዲጻፍም ሆነ እንዲጠራ እንደማይፈቅድ ይናገራል። ምልክቱ የሳሩማን ነበር። የሳውሮን ምድር የሞርዶር ሠራዊት አርማ ቀይ ዓይን ስለሆነ «ታላቁ ዓይን» ቢሉት ያስኬዳል።

ሥርወ ቃል
ጥብቅ ሕግ ግን አታድርጉት። በሞርዶር ጥቁር በር ላይ የሚወጣው መልእክተኛ «የሳውሮን አፍ ነኝ» ብሎ ነው ራሱን የሚያስተዋውቀው። ያንን እንዳትቀይሩት።